በረንዳው ከየት መጣ

በመቱ ከተማ ሚፍታህን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ሱሪ ጠቦት የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ልብስ ሰፊ ነው፤ ያውም ጎበዝ። ነገር ግን ስሙ ሲነሣ ሰው የሚያወራው ስለ ስፌቱ ሳይሆን ስለ ጥርጣሬው ነው። «እንዴት አደርክ?» ሲሉት «ምን ሰምተህ ነው?» የሚል ሰው እስቲ የት ይገኛል? ሎሚ ቢሰጡት እንኳ አገላብጦ አይቶ ነው የሚቀበለው። ደንበኛ «እጅህ ይባረክ» ካለው፣ ሰውዬው ጥጉን እስኪዞር በዓይኑ ይሸኘውና «ይሄስ ያለ ነገር አላመሰገነኝም» ብሎ የሰፋለትን ኮት በሐሳቡ እንደገና ይተረትረዋል። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» የሚለውን ሌላው ሰው ለጨዋታ ይተርተዋል። ሚፍታህ ግን ቤት ሠርቶ ገብቶበታል።

ሚስቱ ጀናት «ኒካሕ ስናስር እንኳ ምስክሮቹን በጥርጣሬ ነው ያየሃቸው» እያለች ትስቅበታለች። እሱ አብሯት አይስቅም። ለምን እንደሳቀች ያስባል።

ትውልዱ ከስልጤ ነው። ክልሎች ተዋቅረው ኦሮሚያ ኦሮሚያ መባል በጀመረች ሰሞን፣ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ አንዲት አሮጌ የስፌት መኪና በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ በጅማና በበደሌ አድርጎ መቱ ገባ። የገባ ቀን ዝናብ ነበር። መቱ ደግሞ መቼ ዝናብ አጥታ ታውቃለች! መኪናዋን በላስቲክ ጠቅልሎ ዋናውን መንገድ ሲወርድ ዶፉ ባሰበትና ከሐጂ ኢማድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ተጠለለ። ሐጂ ከባንኮኒያቸው ጀርባ ሆነው አዩት፣ አዩትና፣

«መኪናዋ ትሠራለች?» አሉት።

«ትሠራለች» አላቸው።

«እንግዲያው ምን ይገትርሃል? ጥጉን ያዝ።»

ያዘ። እንዲህ ነው ነገሩ የተጀመረው።

በእነዚህ የቡና ከተሞች ጨርቅ ሻጭና ልብስ ሰፊ አንዱ ካንዱ አይነጠልም። ገዢው ከውስጥ ጨርቁን ያስቆርጣል፤ ሲወጣ በረንዳው ላይ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይጠብቀዋል። ለበረንዳው ኪራይ የለም፣ ውልም የለም። ባለሱቁ ለሶላት ሲሄድ ሰፊው ደጁን ይጠብቃል፤ ዒድ ሲደርስ ደግሞ የባለሱቁን ቤተሰብ ልብስ በነፃ ይሰፋል። በቃ፣ ሕጉ ይኸው ነው። ማን እንዳወጣው የሚያውቅ የለም፤ ሲያፈርሰው የታየም የለም። ሌላው ሰፊ ሁሉ በዚህ ሕግ ተኝቶ ያድራል። ሚፍታህ ግን ያልተጻፈና ያልተነገረ ነገር አያምንም፤ የተጻፈውንም ቢሆን ሁለቴ ነው የሚያነበው።

ቤቱ አሮጌ የእንጨት ቤት ነው። የሐጂ ኢማድ አባት ቡና እየገዙ ወደ ጎሬና ወደ ቡሬ በሚያመላልሱበት ዘመን ያሠሩት፣ ከነበረንዳው። ጎሬ ላይ የውጭ አገር ነጋዴዎችን ቤት አይተው ወደውት «ለእኔም እንደዚያ ዓይነት» ብለው በረንዳውን እንዳስወጡለት ሐጂ ራሳቸው ለሚፍታህ አጫውተውታል። አራት የዋንዛ ምሰሶዎች ቆርቆሮውን ተሸክመዋል፤ ወለሉ ጣውላ ነው። ሚፍታህ በዚህ ሁሉ ዓመት ያደረገው ነገር ቢኖር፣ የበሰበሱ ጥቂት ጣውላዎችን መለወጥና ለዒድ ምሰሶዎቹን አረንጓዴ ቀለም መቀባት ነው። ቀለም በቀለም ላይ ተደርቦ ተደርቦ ምሰሶዎቹ የዋንዛ ይሁኑ የባሕር ዛፍ፣ የድሮ ይሁኑ የትናንት፣ አይቶ የሚለይ የለም።

እንዲህ ያለው ሰው ከእናቱ ሆድ ጀምሮ ተጠራጣሪ ነበር እንዳትሉ። አንዲት ጥያቄ ናት እንዲህ ያደረገችው። ቤት ሊከራይ ሲሄድ፣ «ከየት መጣህ?» መታወቂያ ሊያወጣ ሲሰለፍ፣ «ከየት መጣህ?» ልጁን ትምህርት ቤት ሊያስገባ ሲሄድ፣ አሁንም «ከየት መጣህ?» አብዛኛው ሰው በቅን ልቦና ነው የሚጠይቀው። የኢሉባቦር ሰው እንግዳ ይወዳል፤ እንግዳን ደግሞ ከየት እንደመጣ ሳይጠይቁ ማስተናገድ ነውር ነው። ሚፍታህ ግን ከጥያቄዋ ኋላ ሌላ ጥያቄ ይሰማዋል፤ «መቼ ትመለሳለህ?» የምትል።

በአንድ ክፉ ሰሞን ከተማው ተረብሾ ሱቁ ሁሉ ተዘጋ። ሚፍታህ መኪናዋን ትቶ መሄድም፣ ተሸክሞ መሄድም አቅቶት በረንዳው ላይ ቀረ። የዚያን ጊዜ ኦቦ ኦላና፣ ከዳሪሙ ቡና እያመጣ የሚሸጥ ሽማግሌ ገበሬ፣ ዱላውን ይዞ መጣና አጠገቡ ተቀመጠ። የሚያልፉት ጎረምሶች ኦላናን በአክብሮት ሰላም እያሉ አለፉ፤ ሚፍታህን በክፉ ያየው የለም። ሲመሻሽ ሽማግሌው ተነሣ፣ ጋቢውን አራገፈና ወደ ዘመዱ ቤት ሄደ። ሌላ ሰው ቢሆን እግሩ ላይ ይወድቅ ነበር። ሚፍታህ ግን ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ከረመ፤ «ይህ ሰውዬ ከእኔ ምን ፈልጎ ነው?» እያለ።

ሐጂ ኢማድ ሲሞቱ እንደ ልጅ አለቀሰ። ከፈናቸውን የቆረጠው እሱ ነው፤ ሌላ ሰው መቀስ እንዲያነሣ አልፈቀደም። ከቀብር ሲመለስ ግን ዕንባው ሳይደርቅ ፍርሃቱ መጣ። ጥጉን ያዝ ያሉት ሰውዬ የሉም። አሁንስ ማን ነው የሚያውቅለት?

ሱቁን የተረከበው ልጃቸው ሰላሃዲን ነው። ጅማ ሲነግድ ኖሮ የመጣ፣ ዝግ ያለ፣ ትሑት ልጅ። ሚፍታህን «ጋሼ» ይለዋል፤ ማለዳ ማለዳ ከሻይ ቤቱ ሻይ ያስመጣለታል። ይህ ትሕትና ሚፍታህን አስደነገጠው። አስወጪ ሁሉ በስድብ ይጀምራል ብሎ የሚያምን ሞኝ ነው፤ ብልህ አስወጪ በሻይ ነው የሚጀምረው። ስኳሩ ሲበዛ ይጠረጥራል፣ ሲያንስም ይጠረጥራል፤ ሻዩን ግን ይጠጣል።

ይህ ሁሉ ውስጥ ውስጡን ሲበላው ከርሞ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ዳናዊት መጣች። ዳናዊት ከመንገዱ ማዶ ምስማርና ቆርቆሮ የሚሸጠው የወልደአማኑኤል ልጅ ናት። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን የሰፋላት ሚፍታህ ነው። ጅማ ሄዳ የቤት አሠራር ተምራ ተመልሳለች። የአናጺ ሜትር ይዛ ከአንዱ ምሰሶ ወደ ሌላው ስትለካ ሚፍታህ ከስፌት መኪናው ሳይነሣ ግንባሩን ቋጥሮ አያት። ሜትር የያዘ ሰው ወይ ሊሰፋ ነው፣ ወይ ሊያፈርስ። ይህችን ልጅ ደግሞ ስፌት ያስተማራት የለም።

ለክታ ስትጨርስ ደንበኞች የሚቀመጡባት አግዳሚ ላይ ዐረፍ አለች።

«ጋሼ ሚፍታህ፣ ይህን የተቀመጡበትን ምን ይሉታል?»

«የቱን?»

«ይሄን፣ ከበሩ እስከ ምሰሶዎቹ ያለውን።»

«አንቺ ምን ትይዋለሽ?»

«እኔማ በረንዳ ነው የምለው።»

«ካወቅሽው ምን ትጠይቂኛለሽ ታዲያ?»

ዳናዊት ሳቀች። «እሺ፣ ቃሉስ ከየት የመጣ ይመስልዎታል?»

ሚፍታህ እግሩን ከመርገጫው አነሣ። ያቺው ጥያቄ መጣች። በሌላ ልብስ መጣች እንጂ ያቺው ናት።

«እኔ የመቱ ሰው ነኝ» አላት፣ ፊቱ ተለዋውጦ።

«ኧረ እርስዎን አይደለም ጋሼ! ቃሉን ነው ያልኩት።»

«ቃል እግር የለው፣ ከየት ይመጣል?»

«ይመጣል እንጂ!» አለችና፣ የሚወደውን ነገር ያገኘ ሰው እንደሚያደርገው፣ ሳትጠየቅ ታብራራ ጀመር። «ምሰሶ የራሳችን ቃል ነው፤ ማገርም፣ ጓዳም፣ ጉልላትም። በድሮ ቤት ክዳኑ ዝቅ ብሎ ይቀራል እንጂ ከበሩ ፊት እንዲህ በምሰሶ የቆመ፣ ጣውላ የተነጠፈበት ነገር አልነበረም። ስለዚህ ቃሉም ከነገሩ ጋር በኋላ ነው የመጣው። አንዳንዱ ከህንድ ነው ይላል፣ አንዳንዱ ከፖርቱጋል፤ ጣሊያኑም እንግሊዙም ይጠቀሙበታል። ወደ እኛ በማን በኩል እንደገባ እንጃ። እዚህ ኢሉባቦር ግን፣ ከጋምቤላ ሽቅብ በቡሬ በኩል ከሚወጡት ነጋዴዎች ጋር የመጣ ይመስለኛል። እንዲያውም ቡሬ ሄጄ ሽማግሌዎች ስጠይቅ ከርሜያለሁ።»

ሚፍታህ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሰማው «በኋላ ነው የመጣው» የሚለውን ብቻ ነው።

«ይህን ጠይቂ ብሎ ማን ላከሽ?»

«ሰላሃዲን ነዋ። ቤቱን ሊያሳድስ ነው። ምኑ የቤቱ እንደሆነ፣ ምኑ ደግሞ በኋላ እንደመጣ ለይልኝ ብሎኛል።»

ይኸውላችሁ! ያ ሁሉ ሻይ ለዚህ ኖሯል። ሚፍታህ መቀሱን እንደያዘ ነገሩን በልቡ ቆርጦ ገጣጠመው። የቤቱ የሆነ ነገር የባለቤቱ ነው፤ በኋላ የመጣ ነገር ደግሞ የአምጪው ነው። በረንዳው የቤቱ ነው ከተባለ የሰላሃዲን ነው፤ የሰላሃዲን ከሆነ ደግሞ ነገ «ጋሼ፣ ይቅርታ» ብሎ ያስነሣኛል። በኋላ የመጣ ከሆነስ? ያመጣው ሰው በምን ይነሣል? መውጫ ቀዳዳ ያገኘ መሰለው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ለእንደዚህ ያለው ነው።

«በረንዳው በኋላ የመጣ ነው» አለ። «እኔ ነኝ ያቆምኩት።»

ዳናዊት ዓይኗ ፈጠጠ። «እርስዎ?»

«እኔ። ምን ያስደንቅሻል? ነይ እዪ» ብሎ ተነሣና የለወጣቸውን ጣውላዎች በጫማው መታ መታ አደረጋቸው። ጣውላዎቹ እውነትም አዲስ ናቸው። ምሰሶዎቹንም አሳያት፤ ቀለማቸው ያብረቀርቃል። «ሐጂ ኢማድ ያውቁ ነበር» ብሎ ጨመረበት። ምስክር የጠራው ሙት ነው፤ አላህ ይቅር ይበለው።

ዳናዊት አንድ ሁለቴ ምሰሶውን ደባበሰችው። ከዚያ ፊቷ በራ። «እኔም እኮ ጠርጥሬ ነበር! ቃሉ ዘግይቶ ከመጣ ነገሩም ዘግይቶ ነው ብዬ…» አለች። ያሰበው ነገር እውነት ሆኖ የተገኘለት ሰው ሁለተኛ አይጠይቅም። አመስግናው ሄደች። ሚፍታህ ምስጋናውን እንደ ልማዱ አላመነውም። የራሱን ውሸት ግን አመነ፤ ማታ እቤቱ ሲገባ ትከሻው ቀለል ብሎት ነበር።

ጀናት ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ምን? አንተ መቼ ነው አናጺ የሆንከው? የቤታችን በር ከተገነጠለ ስንት ጊዜው፤ እሱን ያልሠራ ሰው በረንዳ ሠራሁ ብሎ ያወራል?»

«ዝም በይ፣ አይገባሽም።»

«እንዲያውስ ለምን ልጁን አትጠይቀውም? ታስወጣኛለህ ወይስ አታስወጣኝም ብትለው ምን ይልሃል?»

ሚፍታህ ለዚህ መልስ አለው፤ አፍ አውጥቶ መናገር ግን ያሳፍረዋል። ያልተጠየቀ ሰው እምቢ አይልም። ከጠየቅኩት ግን እምቢ ሊለኝ ይችላል፤ የዚያን ጊዜ ምን ይውጠኛል? ይህ ነው መልሱ። ሰውዬው ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረውን ዘመን እንዲህ ሲኖር ነበር፣ እንዳይባረር በመፍራት ለመቆየት ሳይለምን።

በገበያ ቀን ኦቦ ኦላና ቡናውን ሸጦ እንደ ልማዱ በረንዳው ላይ እግሩን ሊያሳርፍ መጣ። ሚፍታህ ግራ ቀኙን አይቶ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

«ኦቦ ኦላና፣ ምናልባት ቢጠየቁ… ይህን በረንዳ ሚፍታህ ነው የሠራው ቢሉልኝ ምን ይመስልዎታል?»

ኦላና መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎት ሊስቅ ነበር። ፊቱን ሲያየው ተወው።

«እኔ ልጅ ሆኜ» አለ ቀስ ብሎ፣ «አባቴ ቡናውን የሚያስመዝነው እዚህ ነበር። ያቺ የጥጓ ምሰሶ ሥር ተኝቼ ነበር የምጠብቀው። እኛ ጋዲሳ ነው የምንለው፣ ጥላ። አንተ ያን ጊዜ መች ተወለድክና!»

«አውቃለሁ፤ ቢሆንም…»

«ሶባ ሂን ዱበዱ፣ ሚፍታህ። ውሸት አልናገርም። ዱላ ያዝልኝ ካልከኝ እይዝልሃለሁ፤ ይዤልህም አውቃለሁ። ውሸት ግን አልይዝልህም።»

ተነሣና ከረጢቱን አንግቦ ሄደ። ሚፍታህ ከኋላው እያየ «ሰላሃዲን ቀድሞ አናግሮታል ማለት ነው» አለ። ሌላ ምክንያት ሊታየው አልቻለም።

ብዙም ሳይቆይ አናጺዎቹ መጡ። ማለዳ ነው፤ ሰማዩ ከብዷል። ሰላሃዲን ከሱቁ ወጥቶ ሚፍታህ ፊት ቆመ፤ ለመናገር የከበደው ይመስላል።

«ጋሼ፣ ዳናዊት ነገረችኝ። እኔ በረንዳውን አያቴ ያሠራው ነበር የሚመስለኝ። እውነቱን ለመናገር ዋናው ሐሳቤ እሱን ማሳደስ ነበር። እርስዎ ከሠሩት ግን የእርስዎ ነው፣ ምን አገባኝ? እኔ የአያቴን ቤት እሱ እንዳሠራው አድርጌ ነው ማየት የምፈልገው። ስለዚህ በረንዳው ይነሣ። ጣውላውንም ምሰሶውንም ቤትዎ እናስጭንልዎታለን። መኪናዋን ወደ ውስጥ እናስገባታለን፤ ከመስኮቱ አጠገብ ቦታ አስለቅቄልዎታለሁ።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ሚፍታህ የፈራው ደረሰበት፤ ያውም በገዛ አፉ ጠርቶት። ነገሩን ለመመለስ አንዲት ቃል ትበቃ ነበር፤ «የአያትህ ነው» ማለት። ቃሏ ምላሱ ላይ መጥታ ቆመች። ወዲያው ግን ያ የለመደው ጥርጣሬ እጅጌውን ሳበው። ልጁ ሊያናዝዘኝ ነው። «የአያትህ ነው» ካልኩ «ታዲያ እርስዎ ምን ያደርጉበታል?» ሊለኝ ነው። ወደ ውስጥ ይግቡ የሚለውስ? ውስጡ ጨለማ ነው፤ ደንበኛ አያየኝም። ሰውን በጨለማ አስቀምጦ በራሱ ጊዜ እንዲሄድ ማድረግ አንድ ዘዴ ነው። ቃሏን መልሶ ዋጣት።

አናጺዎቹ ጥቂት ቆርቆሮ አነሡና ከእሱ መኪና አጠገብ ባለችው የጥግ ምሰሶ ጀመሩ። የብረት መፈንቀያውን ሥሯ አስገብተው ሲጫኑት ወለሉ ተንቋቋ። ሁለተኛ ተጫኑት። ምሰሶዋ ከወገቧ በላይ ተሰነጠቀችና ወደቀች፤ የቀለሙ ቅርፊት ተላቆ ውስጡ ታየ። እንጨቱ አርጅቶ ጠቁሯል። አናጺው እጁን እያራገፈ ወደ ሚፍታህ ዞረ።

«ጋሼ፣ የት ላድርግልዎት?»

ሚፍታህ ምሰሶዋን አያት። የእሱ ናት፤ አናጺው ሳይቀር መስክሮለታል። ጣውላውም የእሱ ነው፣ ቆርቆሮውም። ሁሉንም አግኝቷል፤ የሚቀመጥበትን ጥግ ብቻ አጣ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች በተከፈተው በኩል መኪናዋ ላይ ማረፍ ጀመሩ። አናጺው መፈንቀያውን ወደ ሁለተኛዋ ምሰሶ ሲወስድ ሚፍታህ የራሱን ጩኸት እንደ ሌላ ሰው ጩኸት ሰማው።

«ተው! ተው በለው! የአያትህ ነው!»

ሁሉም ባለበት ቆመ። ወልደአማኑኤልና ዳናዊት ከማዶ ወጡ፤ መንገደኛም ቆመ። ሚፍታህ ያን ሁሉ ዓይን ሲያይ በሌላ ቀን ቢሆን ይሸሽ ነበር። የዚያን ቀን ግን የሚሸሽበት አልነበረውም።

«አያትህ ናቸው ያሠሩት፣ ከነቤቱ» አለ። «እኔ ጣውላ ለወጥኩ፣ ቀለም ቀባሁ፤ ሌላ ያደረግኩት የለም። ዋሽቻለሁ።»

ሰላሃዲን አልተቆጣም። ግራ ነው የገባው። «ለምን ጋሼ? ምን ሊያደርግልዎት?»

«ይህች ልጅ ከየት መጣ ብላ ስትጠይቀኝ እኔን የጠየቀችኝ መሰለኝ!» አለ። «ጎረምሳ ሆኜ መጣሁ፣ ሸበትኩ። አባትህ ጥጉን ያዝ አሉኝ፣ ያዝኩ። እስከ መቼ እንደምይዘው ግን አልነገሩኝም። ውጣ ያለኝ የለም፤ ኑር ያለኝም የለም። አንተም ሻይ ታመጣልኛለህ፣ ኑር አትለኝም። ፈራሁ። ሁልጊዜ እፈራለሁ።»

ሰላሃዲን የወደቀችው ምሰሶ ላይ ቁጭ አለ። ዝናቡ ትከሻውን እያራሰው ነበር።

«አባባ ሊሞት ሰሞን» አለ፣ «ስለ ሱቁ ነገረኝ፣ ስለ ዘካው ነገረኝ፣ ስለ እህቶቼ አደራ አለኝ። ስለ እርስዎ ምንም አላለም። ገረመኝና ‹ሚፍታህስ?› ብዬ ጠየቅኩት። ተቆጣኝ ጋሼ። በዚያ ድካሙ ተቆጣኝ። ‹ደግሞ የቤቱን በር ምን ላድርገው ብለህ ልትጠይቀኝ ነው?› አለኝ። እኔም የሚያውቁት መስሎኝ፣ ይህንንስ ማንሣት ነውር ነው ብዬ፣ ሳልነግርዎት ቀረሁ።»

ሚፍታህ ይህን ሲሰማ ያለቀሰውን ልቅሶ መቱ እስከዛሬ ታወራዋለች። ሐጂ ኢማድን የዚያን ቀን ዳግም ቀበራቸው።

ሦስቱ ምሰሶዎች ዳኑ። የተሰነጠቀችው ግን ተመልሳ የምትቆም አልሆነችም። ሚፍታህ «እኔ ነኝ ያጠፋኋት፣ እኔው እተካታለሁ» ብሎ ድርቅ አለ። ኦቦ ኦላና ዘንድ ዳሪሙ በእግሩ ወረደ፤ መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቀው፣ ቀጥሎ ምሰሶ የሚሆን እንጨት ለመነው። ሽማግሌው ከጓሮው ቆርጦ ካደረቀው ዋንዛ አንዱን መረጠለትና ለልጆቹ አሸክሞ እስከ መኪና መንገዱ ድረስ ሸኘው። ሚፍታህ ይህን ያህል ደግነት ዝም ብሎ መሸከም ከበደውና «ኦቦ ኦላና፣ ለምንድነው እንዲህ የሚያደርጉልኝ?» ብሎ ጠየቀው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ያለውን ጥያቄ በልቡ ሳይሆን በአፉ መጠየቁ ነው። ኦላና ትክ ብሎ አየውና «ስለምወድህ ነዋ፣ አንተ ሞኝ» አለው።

አዲሷ ምሰሶ በቆመች ቀን ዳናዊት ሜትሯን ይዛ መጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ፣ ሳታጣራ በማመኗ፣ ሚፍታህን ቀና ብላ ለማየት ታፍር ነበር፤ እሱም ያፍራት ነበር። ምሰሶዋን ለካችና ወደ ሰላሃዲን ዞረች።

«ይህችኛዋን ከየትኛው ልመድባት?» አለችው። «በኋላ ከመጣው ነው?»

ሚፍታህ እጅ ላይ የተጀመረ እጅጌ ነበር። እየሰማ የማይሰማ መስሎ አቀረቀረ።

«በኋላ ነው የመጣችው» አለ ሰላሃዲን። «ግን የቤቱ ናት።»

ሚፍታህ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ሊያሾልክ ሞከረ። አላየውም። እንደገና ሞከረ፤ ዕንባው ቀዳዳውን ሸፈነበት። ዳናዊት ይህን አየችና አግዳሚው ላይ አጠገቡ ተቀምጣ እጇን ዘረጋች። መርፌውንም ክሩንም ሰጣት።